ቴርሞሜትሩ 92፣ ደብተሬ 100

ውሃው እየፈላ ነው። ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ቢከር የሚባለውን የመስታወት ዕቃ አፍ ሸፍኖታል፣ ከሻይ ክበቡ የተዋስናት ቡታጋዝ ትንሿን ክፍል በላምባ ሽታ ሞልታታለች። ቴርሞሜትሩ ግን 92 ላይ ቆሟል። ንቅንቅ የለም።

አምስት ሆነን ከበነዋል። ዓመቱ 1999 ዓ.ም. ነው፣ እኛ ደግሞ 9ኛ ክፍል። ዓመቱን ሙሉ በእጃችን የነካነው ብቸኛው የኬሚስትሪ ሙከራ ይህ ነበር። ላብራቶሪ አለን፤ የላብራቶሪው ቁልፍ ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ወይ ስብሰባ ነው ወይ ለቅሶ ሄዷል። በመስኮቱ አጮልቀን አቧራ የለበሱ ጠርሙሶችን እናያለን፣ ከዚያ ወደ ክፍላችን እንመለሳለን። የዚያን ቀን እንደ ምንም ተከፈተልን። የታዘዝነው ቀላል ነገር ነው። ውሃ አፍሉ፣ የሚፈላበትን ሙቀት ለኩ፣ ጻፉ።

«ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለ አንዱ። ጤና ጣቢያ እንዳየው አድርጎ ቴርሞሜትሩን አራገፈና መልሶ ነከረው። 92። እሳቱን ጨመርን። 92። ውሃው እየቀነሰ ሄደ እንጂ ቁጥሩ ከፍ አላለም።

የቡድኑ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፣ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል። መጽሐፉን ገልጬ አየሁ። መጽሐፉ 100 ይላል። ሪፖርቱ ላይ በሚያምረው ጽሑፌ «100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ብዬ ጻፍኩ። ከ10 10 አገኘን። ያዩትን 93 ብለው የጻፉት የጎን ቡድኖች 2 ማርክ ተቀነሰባቸው። እኛም ሳቅንባቸው።

ቴርሞሜትሩ ምንም እንዳልነበረበት የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከተማችን ጎጃም ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ውሃውን የሚጫንበት ጉልበት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ውሃ ደግሞ የሚፈላው ውስጡ ያለው እንፋሎት ከላይ የተጫነውን አየር መቋቋም ሲችል ነው። ጫናው ካነሰ ቶሎ ያመልጣል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል ብላችሁ ብታሰሉት 92 ላይ ታርፋላችሁ። መጽሐፉም አልዋሸም። እሱ የሚያወራው ጅቡቲ ወደብ ላይ ስለሚፈላ ውሃ ነው። ዳሎል ወርዳችሁ ብታፈሉት ደግሞ ቦታው ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ከ100 ትንሽ ያልፋል።

መተማ የምትኖር አክስት ነበረችኝ። ለበዓል እኛ ቤት ስትመጣ ንፍሮ ትጥዳለች፣ ንፍሮው አልበስል ይላታል። «የናንተ አገር እሳት ምን ሆኖ ነው?» ትል ነበር። እሳቱ ምንም አልሆነም። ቆላ ላይ ውሃው ይበልጥ ሞቆ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ባቄላው ቶሎ ይበስላል። አክስቴ አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገባችም። የእሷ ትዝብት ግን ከእኔ 10 ከ10 ሪፖርት የተሻለ ኬሚስትሪ ነበር።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ያ 92 ወርቅ እንደነበር ሳስበው ነው። አንድ ሰው «እሺ፣ ለምን 92 ሆነ?» ብሎ ቢጠይቀን ኖሮ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት እዚያች ቡታጋዝ ላይ ነበር።

*

የዚያን ጊዜ ተማሪ የነበረ ሰው ፕላዝማን አይረሳም። ክፍሉ ፊት ለፊት፣ በብረት ሳጥን ታጥሮና ተቆልፎ የሚቀመጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያወራል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል። መሐሉ የፕላዝማዋ ነው።

ሴትዮዋ ጎበዝ ነበረች፣ ሐቁን ልናገር። ሥዕሉ ያምራል፣ አተሞቹ እየተሽከረከሩ ሲያያዙ ይታያል። ችግሩ አትጠብቅም። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ሰዓት ትቆጥራለች፣ 80 ተማሪ አፉን ዘግቶ ያያታል፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ብላ ትቀጥላለች። ማን ምን እንዳላት እንጃ። እኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረን የመጣን ልጆች ነን። 9ኛ ክፍል ስንገባ ሁሉም ነገር ባንድ ሌሊት እንግሊዝኛ ሆነ። እኔ የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት ከሴትዮዋ አፍ የያዝኩትን ቃል በአማርኛ ፊደል ደብተሬ ጠርዝ ላይ እየጻፍኩ ነው። «ኮቫለንት» የሚለውን «ኮባ ለምን» ብዬ የጻፍኩበት ደብተር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እቤት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ምዕራፉ ስለ ሞል ሆነ። ሴትዮዋ «ሞል ማለት» ብላ ትርጉሙን ልትጽፍ እጇን ስታነሳ መብራት ጠፋ።

ክፍሉ በደስታ ጮኸ። መብራት ሲጠፋ የማይጮህ ክፍል የለም። የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ፕላዝማዋ ደግሞ ቀጣዩ ትምህርት ላይ ደርሳለች። የምትቆም፣ የምትመለስ ነገር አይደለችም። መምህራችን ክፍተቱን ሊደፍን ሰሌዳው ላይ 6.02 ሲባዛ በ10፣ ከላይ ትንሽ 23 ጻፈና «ሞል ይሄ ነው፣ ያዙት» አለን።

ያዝነው። እስከ ማትሪክ ድረስ ያዝነው። ሽምደዳ ላይ ማን ይችለናል! ማትሪክ ላይ መጣ፣ መለስኩት። ሞል ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ቁጥር መሆኑን አውቃለሁ። የምን ቁጥር? ለምን እሱ? ከአንድ ሺህ ወይም ከአንድ ሚሊዮን ምን አጉድለው ነው? ወደዚህ እመለሳለሁ።

*

መጀመሪያ ስለ እርሳስ ላውራ።

የንጥረ ነገሮች ምልክት የተባለ ነገር አለ። ካርቦን «ሲ» ነው፣ ኦክስጅን «ኦ»፣ እስከዚህ ሰላም ነው። ከዚያ ሶዲየም ይመጣል። «ኤስ» ይሆናል ብለህ ስትጠብቅ «ኤን ኤ» ይሆናል። ፖታሲየም «ኬ»። ብረት «ኤፍ ኢ»። እኛ እንግሊዝኛውን እንኳ በቅጡ ሳንጨብጥ ምልክቶቹ ላቲን ሆነው አረፉት። ናትሪየም፣ ካሊየም፣ ፌሩም። ይህን ማንም አልነገረንም። በዝምታ «ኤን ኤ» ብለን ዋጥነው። በሌላ ቋንቋ የተሰየሙ መሆናቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩን ግማሹ ሸክም ይወርድልን ነበር።

እርሳስ ደግሞ «ፒ ቢ» ነው፣ ከፕሉምቡም። ፈተና ላይ «አንድ ንጥረ ነገር ጥቀሱና ጥቅሙን ጻፉ» የሚል መጣ። ማርክ የሚታደል መሰለኝ። «ፒ ቢ፣ ለመጻፊያ ያገለግላል» ብዬ ጻፍኩ። በእጄ እየጻፍኩበት ያለሁት ምንድን ነው? እርሳስ። ዜሮ ተሰጠኝ፣ ምክንያቱም አልተጻፈም። ሳኮርፍ ሰነበትኩ።

እርሳሱ ውስጥ እርሳስ የለም። ያ ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ነው፣ ማለትም ካርቦን፣ የከሰል ዘመድ። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ግራፋይትን ሲያገኙት የእርሳስ ዓይነት ነው ብለው አስበው ነበር፣ ስሙም እዚያው ተጣብቆ ቀረ። እነሱ የተሳሳቱትን ስሕተት እኔም በመቶ ዓመታት ዘግይቼ ተሳሳትኩት። ዛሬ ሳስበው ያ መልስ ዜሮ ሳይሆን ወሬ ነበር የሚገባው።

ከምልክቱ ይልቅ ግን አማርኛው ነው በኋላ ያስደነቀኝ። 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ ንጥረ ነገር፣ ውህድ፣ ድብልቅ እያልን ተምረን ነበር። ያኔም ሸምድደናቸው አለፍን። ቃሉ ውስጥ ያለውን አላየንም። እናቴ ቅቤ ስታነጥር አጠገቧ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ ገብቶ ቅቤው ቀስ እያለ ይቀልጣል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ዝቃጩ ከሥር ይቀራል፣ ላዩ ላይ ጥርት ያለው ይቀራል። ነጠረ ማለት ይሄ ነው። ወርቅም በእሳት ይነጥራል። ንጥረ ነገር እንግዲህ ነጥሮ ነጥሮ ከዚህ ወዲያ ሊነጠር የማይችል ነገር ነው። ትርጉሙ እንዳለ ስሙ ውስጥ ተቀምጧል።

ድብልቅ ቆሎ ነው። ገብሱ፣ ሽንብራው፣ ሱፉ፣ ለውዙ አንድ ላይ ናቸው ግን ሁሉም ራሱን ነው። የታናሽ ወንድሜ ሙያ ከቆሎው ለውዝ ለቅሞ መጨረስ ነበር፣ ድብልቅን በእጅ መለየት ይቻላልና። ውህድ ግን ጨው ነው። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚንቦገቦግ ብረት ነው። ክሎሪን እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ወታደር የጨረሱበት ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ወጥ ላይ የሚነሰነስ፣ አፋር ላይ በአሞሌ እየተቆረጠ በግመል የሚጫን፣ ድሮ እንደ ገንዘብ የተገበያየንበት ጨው ይሆናል። ወንድሜ የፈለገ ለቃሚ ቢሆን ከጨው ውስጥ ክሎሪን መልቀም አይችልም።

በአማርኛ እንማር አላልኩም። ያ ሌላ ክርክር ነው፣ መልሱም ቀላል አይደለም፤ የኬሚስትሪ መጻሕፍት የተጻፉበትን ቋንቋ ሳይዙ ሩቅ አይኬድም። እኔን ያበገነኝ ሁለቱ አለመተዋወቃቸው ነው። «ኮምፓውንድ» አንድ ደብተር ላይ፣ «ውህድ» ሌላ ደብተር ላይ፣ ጨው ደግሞ ማጀት።

ጎረቤታችን የነበሩት እማማ አረቄ ያወጡ ነበር። ድፍድፉ ማሰሮ ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ ያልፋል፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈ መቀበያ ውስጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የቀዝቃዛው ውሃ ተሸካሚ እኔ ነበርኩ። «ሞቋል፣ ለውጪው!» ሲሉኝ እቀይራለሁ። አልኮሉ ባሕር ወለል ላይ ቢሆን 78 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ከውሃው ቀድሞ ይነሳል፣ ለዚህ ነው የሚለየው። የበለጠ እንዲጠነክር እንደገና ሲያወጡት «ዳግም» ይባላል። 10ኛ ክፍል «ዲስቲሌሽንን አብራሩ» የሚል ጥያቄ መጣ፣ ይኸው የእማማ ሥራ በእንግሊዝኛ ስሙ ማለት ነው። ባዶ ወረቀት ሰጥቼ ወጣሁ። በቀጥታ እማማ ቤት ሄጄ ውሃ ለወጥኩላቸው።

*

የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ የወደድኩት ግን በራሴ ነው፣ ያውም በቄስ ትምህርት ቤት ምክንያት።

መጀመሪያ የገባኝ መሥመርና ዓምድ ያለው ገበታ መሆኑ ነው። ይህን ነገር የት ነው የማውቀው? ፊደል ገበታ! ከግራ ወደ ቀኝ ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ። ከላይ ወደ ታች ሁ ሉ ሑ ሙ። ካዕቦቹ ሁሉ ተነባቢያቸው ቢለያይም አንድ ድምፅ ይጋራሉ። ሰንጠረዡም እንደዚሁ ነው። አንደኛው ዓምድ ላይ ያሉት ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም ክብደታቸው ይለያያል፣ ጠባያቸው ግን አንድ ነው። ሁሉም ውጭኛው ምህዋራቸው ላይ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አላቸው፣ ሁሉም እሷን ለመገላገል የቸኮሉ ናቸው፣ ሁሉም ከውሃ ጋር ይጣላሉ። የአንድ ቤት ልጆች።

ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ ሰንጠረዡን እ.ኤ.አ. በ1869 ሲያወጣ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ብቻ ነበሩ። እሱ ግን ቦታ ሳይሞላለት ሲቀር ባዶ ተወው፣ «እዚህ ጋ የሚመጣ አለ» ብሎ። ይህ ለብዙ ሰው ድግምት ይመስላል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ግን ይገባዋል። ገበታው አርጅቶ «ሪ» ያለችበት ቦታ ቢቀደድ፣ ረ ሩ ብለህ፣ ወደ ላይ ሊ ሚ ሢን አይተህ፣ የጠፋችው ምን እንደምትመስል ምን ብላ እንደምትጮህ ታውቃለህ። ሜንዴሌቭ ከሲሊከን በታች ላለው ክፍተት ክብደቱ 72 ገደማ ይሆናል አለ። በ1886 ጀርመን ውስጥ ጀርማኒየም ተገኘ። 72.6። ዛሬ ገበታው 118 ደርሷል።

ደግሞ ይቺን ስሙ። የፊደል ገበታ ላይ ሥርዓቱን የምታፈርሰው የመጀመሪያዋ ናት። «ሀ» ግዕዝ ቤት ተቀምጣ በአማርኛ እንደ ራብዕ ነው የምትጮኸው። የሰንጠረዡም የመጀመሪያ ሃይድሮጅን፣ ከብረቶቹ ዓምድ አናት ላይ ተቀምጦ ብረት አይደለም። ሁለቱም ገበታዎች ደጃፋቸው ላይ የሚያስቸግር ልጅ አላቸው። ይሄ ምንም አያረጋግጥም፣ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ስሌቱ ላይ ስንመጣ ግን ፊደል አላዳነኝም። ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ ይባላል፣ በቀመሩ ግራና ቀኝ ያሉትን አተሞች ቁጥር እኩል ማድረግ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሲዋሐዱ ውሃ ይሰጣሉ። በግራ በኩል ኦክስጅን ሁለት ነው፣ ምክንያቱም ጥንድ ሆኖ ነው የሚሄደው። በቀኝ በኩል ውሃው ውስጥ ያለው አንድ። አልተመጣጠነም። እኔ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ጠመኔውን ይዤ በልበ ሙሉነት «ኤች ቱ ኦ» የሚለው መጨረሻ ላይ ትንሽ 2 ጨመርኩ። ሁለት በሁለት፣ ተመጣጠነ፣ አለቀ።

ቲቸር ዝም ብሎ አየኝና «ትጠጪዋለሽ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የጻፍሽውን።»

ውሃ ነው ብዬ «አዎ» አልኩ። «እንግዲህ ነፍስ ይማር» አለና ክፍሉ ፈረሰ። የጻፍኩት «ኤች ቱ ኦ ቱ» ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፣ ቁስል የሚጠረግበት፣ ጸጉር የሚነጣበት። ትንሿ ከሥር ያለችው ቁጥር የማንነት ቁጥር ናት፣ አትነካም። የሚነካው ፊት ለፊት የሚቆመው ትልቁ ቁጥር ነው፣ እሱ ስንት እንደሆነ ነው የሚናገረው። ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ውሃ። አተም አይጠፋም፣ ከየትም አይመጣም። ፈረንሳዊው ላቮዚየ በሚዛን ያሳየው ይህንኑ ነው፤ እሱ ቀረጥ ሰብሳቢም ነበርና በአብዮቱ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1794፣ አንገቱን ተቆረጠ። የዚያ መምህር ሙያ ያቺ «ትጠጪዋለሽ?» ናት። ከፕላዝማዋ ዓመት ሙሉ «ቬሪ ጉድ» በላይ አስተምራኛለች፣ አፌ ላይ የሚገባ ነገር አድርጋልኛለችና።

*

አሁን ወደ ሞል።

እናቴ እህል ነጋዴ ናት። እህል ተራ ውስጥ ጠባብ መደብር አላት፤ ጤፍ፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ትንሽ በሶ። ዘንድሮ በሴሚስተሩ ዕረፍት የእህቴ ልጅ አያቷ ጋ መጥታ ነበር፣ እኔም ከአዲስ አበባ ወርጄ ነበር። 9ኛ ክፍል ናት። ፕላዝማ አታውቅም፣ ሽምደዳውን ግን ወርሳለች። መደብሩ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ይዛ፣ «አክስትዬ፣ ሞል ምንድን ነው?» አለችኝ።

6.02 ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። 17 ዓመት ሙሉ የያዝኩት ነገር እጄ ላይ ባዶ ሆነ።

እንደ አጋጣሚ እናቴ ለአንድ ደንበኛ ጤፍ ትመዝን ነበር። አየኋት፣ ማኛውን ልሞላው ነው ስትል፣ በመስፈሪያ ስትጨምር፣ ሚዛኑ ሲረጋ። ልጅቷን «ስንት ፍሬ ነው የሸጠችው?» አልኳት። ሳቀች። ጤፍ ማን ይቆጥራል? ይመዘናል እንጂ።

እዚያ ላይ ነው የበራልኝ። ሞል ማለት ይሄው ነው። ሊቆጠር የማይችል ጥቃቅን ነገር ሲያጋጥምህ በሚዛን ትቆጥረዋለህ። የአንዱ ፍሬ ክብደት ከታወቀ የኪሎው ፍሬ ይታወቃል።

እንሞክረው አልን። ማታ ጥቁር ሳህን ላይ፣ በእርሳስ ጫፍ እየገፋን (በግራፋይቱ!) አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቆጠርን። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንዴ እኔ አስነጥሼ 400 ላይ እንደ አዲስ ጀምረናል። የእናቴ ሚዛን አላወቀውም፣ ጭራሽ እንዳልተቀመጠበት ዝም አለ። በነጋታው በወረቀት ጠቅልለን ወርቅ ቤት ወሰድነው። ወርቅ ሠሪው ወረቀቱን ፈትቶ አየና እኛን አየ። «ጤፍ?» አለ። መዘነልን። 0.3 ግራም።

ስለዚህ አንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ 3 ሚሊዮን ከ300 ሺህ ገደማ ፍሬ አለ። ቀጥሎ አንድ ሺህ ሽንብራ ቆጠርን፣ ያ ቀላል ነው። መቶ ግራም አለፈ። ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና «ማለት ሃይድሮጅን ጤፍ ነው፣ እርሳስ ሽንብራ ነው?» አለች። አዎ! ፍሬው እኩል ነው፣ ክብደቱ ይለያያል። አንድ ግራም ሃይድሮጅንና 207 ግራም እርሳስ ውስጥ እኩል አተም አለ። 12 ግራም ካርቦንም ውስጥ ያው ነው። ሰንጠረዡ ላይ የተጻፈውን የአተም ክብደት ወስደህ «ግራም» የሚል ስትጨምርበት፣ ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር ፍሬ ታገኛለህ። ያ ቁጥር ነው ሞል። 6.02 ከሰማይ አልወረደም፣ ግራም የሚባል መለኪያ ስለመረጥን የመጣ ነው።

ቁጥሩ የአቮጋድሮ ይባላል እንጂ አቮጋድሮ አላወቀውም። ጣሊያናዊው ሰው እ.ኤ.አ. በ1811 ያለው እኩል ቦታ የያዙ ጋዞች በአንድ ሙቀትና በአንድ ግፊት እኩል ሞለኪውል አላቸው ነው። የሰማው የለም። ሞቶ ከተቀበረ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ የአገሩ ሰው ካኒዛሮ ካርልስሩኸ ላይ በተደረገ የኬሚስቶች ጉባኤ አነሳለት። ቁጥሩን በስሙ የጠራለት ደግሞ ፈረንሳዊው ፔሬን ነው፣ በ1909። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ቁጥሩ በስምምነት ቁርጥ ያለ ሆኗል።

ልጅቷ አላቆመችም። «ታዲያ አንድ ሞል ጤፍ ስንት ይሆናል?»

ስልኬን አወጣሁ። 602 ብላችሁ 21 ዜሮ ደርድሩ። በሺህ አካፍሉ፣ በ0.3 ግራም አባዙ፣ ወደ ኩንታል ለውጡ። 1,800,000,000,000,000 ኩንታል መጣ። አገራችን በጥሩ ዓመት ከ50 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ጤፍ ታመርታለች። 50 ሚሊዮን ብለን ያዝነው። አንድ ሞል ጤፍ ለማምረት ወደ 36 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል፣ አንድ ፍሬ ሳይበላ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ሞል ውሃ ለካን። 18 ግራም። ከሾርባ ማንኪያ ትንሽ ይበልጣል፣ ጉንጭ አይሞላም። ያው ቁጥር ነው። ልጅቷ ማንኪያውን ይዛ ብዙ ጊዜ አየችው። እኔ ያን ጊዜ መብራት የጠፋበት ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

እናቴ ሚዛኑን እየወለወለች ስታዳምጠን ቆይታ «36 ሚሊዮን ምን?» አለች።

«ዓመት፣ እማዬ። አንድ ሞል ጤፍ።»

ትንሽ አሰበች።

«እና ማን ያበጥረዋል?»